ለልጄ ስለ ገሞራ የነገርኳት ጠዋት

ስልኩ ሲጠራ ሆሳዕና ትልቁ ልጄ ቤት ቁጭ ብዬ ባቄላ እፈለፍል ነበር። ልጄ ከፊት ለፊቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል፤ ቢሮ ሊሄድ ነው። እኔ ስልክ ጆሮዬ ላይ መለጠፍ አይሆንልኝም፤ ስፒከሩን ከፍቼ ጭኔ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ስለዚህ ያን ዕለት ሴቷ ልጄ የተናገረችውን ሁሉ ወንድሟም ሰማው።

«አማ፣ ትሰሚኛለሽ?» አለችኝ። በእኛ ቋንቋ እናትን አማ ነው የምንለው።

«እሰማሻለሁ፣ የኔ ልጅ።»

«መሬቱ አላስቀምጥ አለን እኮ። ዛሬ ብቻ ሦስት ጊዜ ተንቀጠቀጠ። በሸንኮራው ማሳ በኩል ምድር ተሰንጥቆ ጭስ እየወጣ ነው። እሳተ ገሞራ ሊፈነዳ ይችላል፣ ሰፈሩን ልቀቁ እያሉን ነው።»

«ጌታ ይከልክለው! ልጆቹስ?»

«አሉ። ደህና ናቸው።» ያቺ ልጅ ከትንሽነቷ ጀምሮ ነገር መጠየቅ ይከብዳታል። ሲርባት እንኳ ቂጣው አጠገብ መጥታ ትቆም ነበር እንጂ ስጡኝ አትልም። ኋላ ላይ «አማ፣ እኔ የምልሽ... ልጆቹን ይዤ ወደዚያ ብመጣስ?» አለች።

ልጄ ጫማውን ማሰሩን ተወ። ቀና ብሎ አየኝ።

እኔም በረጋ ድምፅ፣ ሕፃን እንደማባብል ቀስ ብዬ፣ «ልጄ፣ ጌታ ገሞራን ለምን እንዳቃጠላት አንቺ ታውቂያለሽ። መጀመሪያ ከእሱ ጋር ተነጋገሪ» አልኳት።

«እሺ፣ አማ» አለች። ስልኩ ተዘጋ። ልጄም የጫማውን ክር አስሮ ጨረሰና ወጣ። እኔ ባቄላዬን ፈልፍዬ ጨረስኩ።

ልጄ የምትኖረው በአዋሽ በኩል፣ ሸንኮራ አገዳ በሚለማበት ቆላ ነው። ከእኛ አገር ሰው ወደ ሸንኮራ መውረድ የቆየ ነገር ነው። ሐድያውም ከምባታውም አገዳ ሊቆርጥ ይሄዳል። አንዳንዱ ቆርቆሮ የሚገዛበትን ይዞ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ወባ ይዞ ይመለሳል፣ አንዳንዱም እዚያው ይቀራል። ልጄ የወረደችው ለሠራተኞች ወጥ ልትሠራ ነበር። እዚያ አንድ ትራክተር ነጂ አገኘች። የእኛ እምነት ሰው አይደለም። ሽማግሌ አልተላከ፣ ሠርግ አልተሠራ፤ አብረው መኖር ጀመሩ። ወሬው ሆሳዕና ሲደርስ ስሟ በጉባኤ ፊት ተነበበ፤ ከጌታ እራት ታገደች። እኔ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግኩ። ወንድሟ ግን ቤት ስንገባ «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ደጅ አትረግጥም» አለ።

ደጁ የእሱ ነው። ባለቤቴ ሲያርፍ ቤቱና ማሳው በእሱ ስም ሆነ። ከዚያ ወዲህ እኔ ዟሪ ነኝ። ሁለት ወር ሆሳዕና እሱ ጋ፣ አንድ ወር ዱራሜ እህቴ ጋ፣ ሲያሰኘኝ ደግሞ ሺንሺቾ ትንሹ ልጄ ጋ። የሚኒባስ ረዳቶቹ ሁሉ ያውቁኛል፤ «እማማ ዛሬ ደግሞ ወዴት?» ይሉኛል። ልጆቼ ለሰው ሲያወሩ «እናታችን እግሯ አያርፍም፣ መንገድ ትወዳለች» ይላሉ። እኔም እስቃለሁ። መንገድ እወዳለሁ ወይ ብሎ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ገሞራ ስለሚለው ቃል ልናገር። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ ልጅ ታቅፌ፣ ከዋርካ ሥር ነው። ከዚያ በኋላ ያነበብኩት መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ነው፤ የማውቀው የአማርኛ ቃል ሁሉ ከእዚያ የተለቀመ ነው። ገሞራ ለእኔ ከተማ ናት። ከሰዶም ጎን ያለች፣ በኃጢአቷ ብዛት እሳትና ዲን የዘነበባት። ሬዲዮ «እሳተ ገሞራ» ባለ ቁጥር እኔ የምሰማው የገሞራን እሳት ነው። ያ እሳት እንደዚያች ያለ ከተማ እየፈለገ የሚዞር ይመስለኝ ነበር። በሆነ አገር ተራራ ፈነዳ፣ ይህን ያህል ሰው አለቀ ሲባል አዝናለሁ፤ ግን በሆዴ «ምን አድርገው ይሆን?» እላለሁ። ማንም አላረመኝም። አጠገቤ ያሉትም ያንኑ ነበር የሚጠይቁት።

በዚያው ሳምንት የሴቶች ጸሎት ላይ የልጄን ነገር አቀረብኩ። መሬት እየተንቀጠቀጠባት ነው፣ ጸልዩልኝ አልኩ።

«ገሞራ?» አለች አንዷ። «ወይ የመጨረሻው ዘመን!»

ወፍጮ ቤት ያላትን እህት አንዷ በክርኗ ጎሸም አድርጋ፣ «እኛ ሰፈር ቢፈነዳ ከየት እንደሚጀምር እናውቃለን፤ እህሉን አጉድለሽ የምታስረክቢበት ጋ ነው» አለቻት።

«አንቺ ደግሞ! መጀመሪያ የሚቃጠለው ምላስሽ ነው።»

ተሳሳቁ። መሪያችን ግን እጇን ዘርግታ ጸጥ አሰኘችን። ሎጥን ከእሳቱ መካከል ያወጣ ጌታ ይህችንም ልጅ እንዲያወጣት፣ ካለችበት ሕይወት እንዲለያት፣ አብሯት ካለውም ሰው እንዲለያት ጮክ ብላ ጸለየች። ስለ ልጆቹ አልተጸለየም። የሚያድሩበት ስለማጣታቸው አልተጸለየም። እኔም ከሁሉም ድምፄን ከፍ አድርጌ «አሜን» አልኩ።

በማግስቱ ልጄ ጋ ብደውል ስልኳ አይሠራም። በሦስተኛው ቀንም እንደዚያው። የስልኳ ሴትዮ በዚያ ለስላሳ ድምፅዋ ማግኘት አይችሉም ትለኛለች። ጓዜን በፌስታል ቋጥሬ ወደ ዱራሜ ሄድኩ፣ እህቴ ጋ።

እህቴ ታናሼ ናት፤ አፏ ግን ታላቄ ነው። ያልኩትን ሁሉ ነገርኳት። እንሰቱን መፋቋን አቁማ አየችኝ።

«ይህንን አልሻት?»

«በለሰለሰ አፍ ነው እኮ ያልኳት።»

«አንቺ ሰው ስትገድዪም ቀስ ብለሽ ነው» አለችኝ። «እስቲ ንገሪኝ፤ ያ ሁሉ አገዳ ቆራጭ ኃጢአተኛ ነው? ሕፃናቱስ? እዚያ ያለው ግመል እንኳ ምን አድርጎ ነው?»

የግመሉ ነገር አሳቀኝ። እሷ አልሳቀችም።

«ልጅሽ ሺንሺቾ የሰው ልጅ ሰብስቦ የሚያስተምረው ይህንኑ አይደለም እንዴ? ሄደሽ ጠይቂው። እኔ የተማርኩ አይደለሁም፤ ግን እሳት ሲመጣ ልጄን ማን ነሽ ብዬ አልጠይቃትም» አለችና ወደ እንሰቷ ተመለሰች።

ትንሹ ልጄ ሺንሺቾ ጂኦግራፊ ያስተምራል። ስደርስ ሚስቱ ኩሽና ቡላ ገንፎ ታገነፋለች፤ እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የተማሪ ደብተር ያርማል። ገና ውሃ ሳልጠጣ ጠየቅኩት።

«አንተ ልጅ፣ እሳተ ገሞራ የሚወርድበት ከተማ ኃጢአቱ ምንድን ነው?»

መጀመሪያ የቀለድኩ መሰለው። ፊቴን ሲያይ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«አማ፣ ስሙ እኮ ስም ብቻ ነው። ድሮ በአማርኛ ስም ያወጡለት ሰዎች የሚያውቁትን ትልቅ እሳት ስም ሰጡት። ተራራው ገሞራን አያውቃትም። ከምድር በታች ድንጋይ በሙቀት ይቀልጣል፤ መውጫ ሲያገኝ ይወጣል። በቃ። ማን ከላይ እንዳለ አይጠይቅም።»

«ሁሉም አንድ ነው?»

«አይደለም። አንዳንዱ የቀለጠው ድንጋይ ቀጭን ነው። ወጥቶ ይፈስሳል፣ ሩቅ ሄዶ ይተኛል፤ በላዩ ሌላው ይተኛል። ተራራው ውሎ አድሮ የተደፋ ሰፌድ ይመስላል፣ ጎኑ ሰፊ፣ ቁመቱ ዝቅ ያለ። ከእሱ ሰው በእግሩ ሊሸሽ ይችላል። ቤቱንና ማሳውን ግን ድንጋይ ያለብስበታል። ሌላው ደግሞ ትንሽ ነው፣ ከጆንያ የተራገፈ ከሰል ነው የሚመስለው። ጠጠር ወደ ላይ እየተፋ ዙሪያውን ይከምርና ይደክመዋል። ያ መንገድ ላይ የሚያነጥፉት ቀይ ጠጠር ከእሱ ነው የሚወጣው።»

«ክፉው የቱ ነው?»

«ክፉው ወፍራም የሆነው። የቀለጠው ድንጋይ አይፈስም። በውስጡ ያለው አየር መውጫ ያጣል። አፉ ይዘጋል፤ ብዙ ዘመን ዝም ይላል። ሰዉም ሞቷል ብሎ እግሩ ሥር ይዘራል፣ ይድራል፣ ይወልዳል...»

ይህን ሲል ምራቴ «ውይ!» ብላ እጇን ከድስቱ ሳበች። ገንፎው ጧ ብሎ አንጓዋ ላይ ተፍቶባት ነበር።

«ቡላ ነዋ!» አልኩ። «አጥሚት ሲሆን ይገነፍላል እንጂ ሰው አያጠቃም። ሲወፍር ነው የሚተፋው።»

ልጄ ሳቀ። «እኔ ይህንን ለተማሪ ለማስረዳት ሳምንት ይፈጅብኛል። ነገ አንቺን ይዤሽ ልግባ።»

ምራቴም እጇን ውሃ ውስጥ እንደነከረች «እኔንስ? የተቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ ማስረጃው እኔ ነኝ» አለች።

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ወፍራሙ ሲፈነዳ ምን ያደርጋል አልኩት። ነገረኝ። ልጄ ሲያስተምር ደግ ነው፤ አይቸኩልም። የጋለ አመድና ጢስ አብሮ እንደ ደመና ተራራውን ተንከባልሎ እንደሚወርድ፣ መኪና እንደማያመልጠው፣ በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ በአንዴ አቃጥሎ እንደሚያፍን ነገረኝ። የሩቁ ሰው ላይ ደግሞ አመዱ እንደ ዱቄት ይወርዳል፤ ጣሪያ ላይ ይከመራል፣ ዝናብ ሲነካው ይከብዳል፣ ቤቱን በሰው ላይ ይጥለዋል። ከጎርፍ ጋር ሲቀላቀል እንደ ተቦካ ሲሚንቶ ሸለቆውን ይዞ ይወርዳል። ሳር ላይ ያረፈውን የበላ ከብት ይሞታል። አንዳንድ ቦታ ሽታ የሌለው አየር ከመሬት ወጥቶ ጎድጓዳው ውስጥ ይተኛል፤ ፍየል ውሃ ልትጠጣ ትወርድና አትወጣም።

«ሻላ ሐይቅን አይተሽዋል አይደል፣ ወደ ሸንኮራ አገር ሲኬድ?» አለኝ። «ያ ተራራ ነበር። ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ ውጭ ተፋና ባዶ ሲሆን ወደ ውስጥ ፈረሰ። አሁን ውሃ ተኝቶበታል።»

«ሩቅ አገር ነው ያም።»

«አምበሪቾ ተራራስ፣ ቅርብ አይደለም?» አለኝ። «እሱም ከእንዲህ ያለው እሳት ነው የወጣው። የቆምሽበት፣ እንሰቱ የበቀለበት አፈር የድሮ አመድ ነው አማ። ለዚህ ነው የሚያበቅለው።»

ይህን ስሰማ በርጩማውን ስቤ ተቀመጥኩ። አምበሪቾን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በግርጌው ተድሬያለሁ፣ በግርጌው ወልጃለሁ።

«ታዲያ ያኔ እዚህ ማን ነበር? ማን ነው የበደለው?»

«ማንም አልነበረም፣ አማ።»

ደብተሩን ዘጋ። «ምነው ግን? ለምን ጠየቅሽኝ?» አለኝ። ነገርኩት፤ ስልኩን፣ እህቱ የጠየቀችኝን፣ እኔ የመለስኩላትን። ምራቴ ጀርባዋን ሰጥታን ገንፎውን ታማስላለች፤ ማማሰያው ግን ቀስ ብሎ ነበር፣ እየሰማች ነው።

«ወንድሜ እዚያ ነበር?» አለኝ።

«ነበር። ጫማውን እያሰረ።»

«እንግዲያው ስለ ገሞራ እኔን አትጠይቂኝ» አለ ልጄ። ተቆጥቶ አልነበረም። «ቃሉን ባትሳሳቺም ኖሮ ሌላ ቃል ታገኚ ነበር። የፈራሽው እሱን ነው።»

ቤቴ አይደለም፣ ደጁ የእኔ አይደለም ልለው አስቤ ነበር፤ አፌ ላይ መጥቶ ቀረ። ልጄ ሁለት ክፍል ቤት ነው ያለው፣ እሱም ኪራይ። «እኔ ጋ ትምጣ፤ ልጆቹ ከእኛ ጋር ይተኛሉ» አለ። ምራቴም ዞር ሳትል «ትምጣ እንጂ» አለች። የእህቱን ስልክ ደጋግሞ ሞከረ፤ አይሠራም። በማግስቱ አውቶቡስ አሳፈረኝ።

በዱራሜ ወደ ሻሸመኔ፣ ከሻሸመኔ ወደ ሞጆ፣ ከሞጆ አዳማ፣ ከአዳማ ወደ ታች። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከአዳማ ወዲያ መኪናው ውስጥ ያለው ወሬ ሁሉ የመሬቱ ነበር። የልጄ ሰፈር ሰዎች የት እንደሄዱ ጠየቅኩ፤ ወደ አንድ ሜዳ ተልከዋል አሉኝ። ድንኳኑ በመስመር ተተክሏል። አንዲት ሴት በሐድይኛ ልጇን ስትቆጣ ሰማሁና እሷን ጠየቅኩ፤ ጣቷን ዘርግታ አሳየችኝ።

ልጄ ከድንኳኑ በር ላይ በሳፋ ልብስ ታጥባለች። ስታየኝ እጇን ከአረፋው አወጣች፣ በቀሚሷ አደረቀች፣ ተነስታ ሁለት እጇን ዘርግታ ጎንበስ ብላ ጨበጠችኝ።

«እንዴት መጡ? በሰላም ነው? ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለችኝ።

እርስዎ አለችኝ። በእኛ ቤት እናት አንቺ ነው የምትባለው። እርስዎ የሚባለው ለወንጌላዊው፣ ለባል እናት፣ ለቢሮ ሰው ነው። አማም አላለችኝ። እንግዳ አሮጊት እንደሚቀበሉ አድርጋ ተቀበለችኝ፤ እጅ መታጠቢያ ውሃ አቀረበች፣ ያለቻቸውን አንድ ፍራሽ አነጠፈች፣ ሻይ አፈላች። ምንም አላጎደለችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ባልዋን ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየሁት። ቀጭን፣ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ዝቅ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። «እማማ፣ እንኳን በደህና መጡ። ተራራው እስካሁን ያጉረመርማል እንጂ የልቡን አልተናገረም» አለኝና የሚበላ ሊፈልግ ወጣ። ስምንት ዓመት የጸለይኩበት ሰው ይህ ነበር።

ሻዩን እየጠጣሁ መሬቱ ተነቃነቀ። ብርጭቆው ውስጥ ሻዩ ዞረ፤ እኔ የድንኳኑን እንጨት ያዝኩ። ልጆቹ ግን ዘለሉ፤ መጠኑን ይገምታሉ።

«ይቺ አራት ነች!» አለች ትልቋ።

«አራት ተኩል!» አለ ታናሹ።

«ውሸታም፣ ተኩልን ደግሞ ከየት አመጣኸው? አባባ ስልኩ ላይ ሲያይ እናያለን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አያቴ ፈሩ!» ብላ ሳቀች። እሷም እርስዎ አለችኝ፤ እናቷ እንዳስተማረቻት።

ልጆቹ ሲወጡ የመጣሁበትን ተናገርኩ። «ትንሹ ወንድምሽ ትምጣ ብሏል። ሺንሺቾ። ሚስቱም ብላለች።»

«ያመስግኑልኝ።»

«ልጄ፣ ቃሉን አላወቅሁትም ነበር» አልኳት። ከዚያ እንደ ሞኝ ሁሉንም ለፈለፍኩላት። ቀጭኑን፣ ወፍራሙን፣ ከሰል የሚመስለውን፣ ሻላን፣ አምበሪቾን። የእኛም አገር አመድ እንደሆነ ነገርኳት። እግሯ ሥር ምድር የምትንቀጠቀጥባት እሷ፣ እኔን ቁጭ ብላ በትዕግሥት ሰማችኝ። ሳፋው ውስጥ ያለው አረፋ ተኝቶ አለቀ።

ስጨርስ እንዲህ አለችኝ፦ «እርስዎ በስፒከር እንደሚያወሩ አውቃለሁ። ታላቅ ወንድሜ ቢሮ የሚሄድበትን ሰዓትም አውቃለሁ። አስቤ ነው በዚያ ሰዓት የደወልኩት። መምጣቱ ባይሆንልኝም ግድ የለኝም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱ እየሰማ፣ ‹ነይ› እንዲሉኝ ነበር።»

«አሁን እልሻለሁ። ነይ፣ ልጄ። ነይ።»

ድንኳኑን ዙሪያውን አየችው፤ ፍራሹን፣ ጀሪካኑን፣ የተንጠለጠለውን የልጆች ልብስ።

«አሁንማ ማን አለ?» አለችና ልብሷን ልታጥብ ወጣች።

ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም። በአራተኛው ቀን ባልዋ መኪና ድረስ ሸኘኝ። እሷ ከድንኳኑ በር ላይ ሆና «በሰላም ይግቡ» አለችኝ።

ተራራው በመጨረሻ አልፈነዳም። ከጊዜ በኋላ መንቀጥቀጡ እየቀነሰ ሄደ፤ ልጄና ባልዋም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሆሳዕና ይህ ሲሰማ ሴቶቹ ደስ አላቸው። ጸሎታችን ተሰማ አሉ። እሑድ ምስክርነት ልትሰጪ ይገባል አሉኝ። በእኛ ዘንድ ጌታ ከአደጋ ያወጣው ሰው በጉባኤ ፊት ቆሞ ይናገራል፤ ሰው እልል ይላል፣ መዝሙር ይከተላል። እኔም እሺ አልኩ። ትልቁ ልጄ እንደ ልማዱ ከፊት ተቀምጦ ነበር።

ማይኩን ሰጡኝ።

«ልጄ ከእሳት ልትሸሽ ቤት ስትለምነኝ ኃጢአትሽን አስቢ አልኳት» አልኩ። «ቃሉን ሳላውቅ ነው ያልኩት ብዬ ራሴን አታልያለሁ። እውነቱ ግን ልጄ ከፊቴ ተቀምጦ ነበር፤ እሱን ፈራሁ። ዛሬም ከፊቴ ተቀምጧል። እሱ እየሰማ እላታለሁ፤ ትምጣ። እናቷ ትምጣ ብላለች።»

እልልታ አልነበረም። ሁለት ሴቶች «አሜን» ለማለት አፋቸውን ከፈቱና ዝም አሉ፤ አሜን የሚባልበት ይሁን የማይባልበት አላወቁትም። መሪዋ ቶሎ ብላ መዝሙር አነሳች። ኪቦርዱ ተከተላት። እኔ ማይኩን የምሰጠው አጥቼ ይዤው ቆሜ ነበር። ልጄ አንገቱን አላቀናም።

በር ላይ ሲደርስብኝ «አማ፣ ለማን ብለሽ ነው?» አለኝ።

«ለአንተ።»

«ቤቴን በሰው ፊት ሰጠሻት።»

«ቤትህን አይደለም የሰጠኋት። ቤትማ የለኝም።»

ባጃጅ ጠራልኝና ለባለባጃጁ ከፍሎ አሳፈረኝ፤ እሱ ግን አብሮኝ አልመጣም። በሳምንቱ ልብሴን አጥበው አጣጥፈው በሻንጣ አስቀመጡልኝ። ማንም ውጪ አላለኝም። የትልቁ ልጄ ሚስት «እህትዎ ናፍቃዎት ይሆናል» አለችኝ። ዱራሜ ሄድኩ።

እኔ ልጄ ትደውላለች ብዬ ጠበቅኩ። በጉባኤ የተባለ ነገር ከእኛ አገር እስከ ሸንኮራ ማሳ ለመድረስ ቀን አይፈጅበትም፤ አገዳ ቆራጩ ሁሉ ዘመድ አለው፣ ዘመዱ ሁሉ ስልክ አለው። አንድ ሳምንት ጠበቅኩ፣ ሁለት። ባትሪው እንዳያልቅ ቀኑን ሙሉ ሶኬቱ ሥር እቀመጣለሁ። እህቴ «ስልኩን ነው ወይስ አንቺን ነው ቻርጅ የምናደርገው?» ትለኛለች።

የደወለችው ለትንሹ ወንድሟ ነበር። እሱ አልነገረኝም፤ ሺንሺቾ ስሄድ ዓይኔን እየሸሸ ደብተሩን ያርማል። የነገረችኝ ሚስቱ ናት፣ ጓሮ ጎመን እየቀነጠስን። ስላልኩት ነገር ሁሉ ሰምታለች አለች። ማን ማን እንደነበረ፣ ወንድሟ የት ጋ ተቀምጦ እንደነበረ ሳይቀር ጠይቃለች።

«ከዚያስ ምን አለች?» አልኳት።

ምራቴ የጎመኑን ቅጠል በጣቷ አገላበጠች። ውሸት አታውቅበትም።

«‹ሰምቻለሁ በሏቸው› አለች። ‹ዘግይቷል በሏቸው።›»